የትርፍ ቤንዚን ሒሳብ

ብዙ ሞተረኛ ትርፍ ቤንዚን የሚይዘው ለክፉ ቀን ነው። ጀሪካኑን ከኋላ ጠፍሮ ያስርና ሞተሩ ተንተፋትፎ እስኪቆም ድረስ አይነካውም። የእኔ ልማድ ከዚህ ይለያል፤ የያዝኩትን ትርፍ ሰልባትዮው ቦታ እንዳገኘ ወዲያው እገለብጠዋለሁ። ቤንዚን እንደ እህል ጎተራ ውስጥ ስላስቀመጡት ዋስትና አይሆንም። ጀሪካን ውስጥ በቆየ ቁጥር ይተናል፣ ይሰፋል፣ በክዳኑ ይተፋል፣ ሞተሩንም ያንገዳግዳል። በረጅም መንገድ ትርፍ የመያዝ ሙያ ዞሮ ዞሮ በልኩ መያዝና ቶሎ ማራገፍ ነው።

ልኩ የሚታወቀው በሒሳብ ነው። መጀመሪያ ሞተሩ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚሄድ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሻጩ የነገረንን ሳይሆን እኛው የለካነውን። ሰልባትዮውን እስከ አንገቱ ሞልቶ፣ ኪሎ ሜትሩን ጽፎ፣ ሄዶ ተመልሶ እንደገና እስከ አንገቱ መሙላት ነው። በአስፋልት 40 የሚሄድ ሞተር፣ ጭነት ተጭኖ በኮረትና በአሸዋ በሁለተኛ ማርሽ ሲጎተት ወደ 30 ይወርዳል። የማሰላው ሁልጊዜ በዝቅተኛው ነው።

ሁለተኛው ነገር ርቀቱ ነው። እዚህ ላይ አገራችን የራሷ ሕግ አላት፤ ማደያ አለ ማለት ቤንዚን አለ ማለት አይደለም። ከተማው ደርሰን «ናፍታ ብቻ ነው ያለው» ልንባል እንችላለን። ክፍያው በቴሌብርና በመሳሰሉት ከሆነ ወዲህ ደግሞ ቤንዚኑ እያለ ኔትወርኩ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የማሰላው እስከ መድረሻው ሳይሆን ደርሼ ባዶ እጄን እስክመለስ ነው። መሄጃው 180 ኪሎ ሜትር ቢሆን ደርሶ መልሱ 360 ነው፤ በሊትር 30 ሲታሰብ 12 ሊትር። ጎርፍ መንገድ ቢቆርጥ ወይም መታጠፊያ ቢያመልጠን ሩቡን፣ 3 ሊትር፣ እንጨምርበት። ድምሩ 15 ነው። ሰልባትዮው 11 ሊትር ከያዘ የጎደለው 4 ብቻ ነው። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን በቂ ነው ማለት ነው።

ብዙዎች ግን ይህን ሳያሰሉ 20 ሊትር ይጭናሉ። የአንድ ሊትር ቤንዚን ክብደት ሦስት አራተኛ ኪሎ ያህል ነው፤ 20 ሊትር እንግዲህ 15 ኪሎ ይሆናል። ያ ክብደት ፖርቶመጋላው ጫፍ ላይ፣ ከኋላ ጎማ አልፎ ሲንጠለጠል የፊት ጎማው ይቀላል፤ አሸዋ ላይ መሪው አልታዘዝ ይላል። የተጋመሰ ጀሪካን ደግሞ ከሞላው ይብሳል። ውስጡ ያለው ፈሳሽ በየመታጠፊያው አንድ ጊዜ ዘግይቶ ስለሚመታ ሞተሩ ሁለቴ ይወዛወዛል። ለዚህ ነው አሥር ሊትር ካስፈለገኝ አንድ ባለ አሥር ሳይሆን ሁለት ባለ አምስት የምመርጠው፤ አንዱን ሙሉ በሙሉ ገልብጬ ሌላው እንደሞላ ይቆያል።

የማስረው ዝቅ አድርጌ፣ ከኋላ ጎማ እምብርት ወደ ፊት አስጠግቼ፣ ከማርሚታው በተቃራኒ ጎን ነው። ለማሰሪያ ከአሮጌ ካላማዳሪያ በቁመቱ የተቀደደ ጎማ የሚወዳደረው የለም፤ ሲባጎ በንዝረት ይላላል፣ ካላማዳሪያ ግን እየተሳበ ይይዛል። ጀሪካኑና ብረቱ እንዳይፋተጉ መሃላቸው የታጠፈ ኬሻ አስገባለሁ። ጀርባዬ ላይ በቦርሳ መሸከምን አስቤውም አላውቅ። ሞተረኛ መውደቁ አይቀርም፤ ሲወድቅ ቤንዚን ለብሶ መሆን የለበትም።

ስለ ዕቃው ደግሞ እንነጋገር። በየመንገዱ የምናየው ቢጫው የዘይት ጀሪካን የተሠራው ለዘይት ነው። ፕላስቲኩ ቤንዚን ቀስ በቀስ ያሳልፋል፤ በጊዜ ብዛት ይለሰልሳል፣ ይነፋል። ክዳኑ አጥብቆ ስለማይዝ ሰዎች ፌስታል ያጎርሱታል፤ ፌስታሉ ይላላል፣ ቁራጩም ካርቡራተር ድረስ ይሄዳል። የውኃ ፕላስቲክማ ለአንድ ሰዓት መሸጋገሪያ ካልሆነ በቀር አይታሰብም። ጥሩው ለነዳጅ ተብሎ የተሠራ፣ ክዳኑ የጎማ ቀለበት ያለው ዕቃ ነው። ጀርመኖች በ1930ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ለጦራቸው የሠሩት ባለ 20 ሊትሩ የብረት ጀሪካን እስከ ዛሬ የሚቀዳው በምክንያት ነው። ሦስት እጀታ አለው፤ ሁለት ሰው አንዱን ሙሉ ተጋግዞ ያነሳዋል፣ አንድ ሰው ደግሞ ሁለት ባዶ በአንድ እጁ ይይዛል። ከእጀታው ሥር ቤንዚን የማይደርስበት የአየር ክፍተት ተትቶለታል፤ ፈሳሹ ሲሞቅ የሚሰፋው ወደዚያ ነው።

ያ ክፍተት በእኛ አገር ይበልጥ ያስፈልጋል። የእኔ መስመር ከደሴ ተነስቶ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ፣ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሚሌ ከ500 ሜትር በታች። በጠዋት ብርድ አፍ እስከ ገደፉ የተሞላ ባለ 5 ሊትር፣ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር በትንሽ የሻይ ብርጭቆ ልክ ይሰፋና መውጫ ይፈልጋል። ሽቅብ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከሚሌ ደሴ እስኪደረስ የውጭው የአየር ግፊት ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ቆላ ላይ የተከደነ የፕላስቲክ ጀሪካን ደጋ ሲደርስ ጎኑ እንደ ሆድ ተነፍቶ ይገኛል።

እንዲህ ያለውን ጀሪካን ስከፍት ሞተሩን አጥፍቼ፣ ማርሚታው እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ፣ ዕቃውን ጥላ ሥር መሬት ላይ አቆማለሁ። ፊቴን አዙሬ፣ ነፋሱን በጀርባዬ አድርጌ ክዳኑን ሩብ ዙር ብቻ እፈታለሁ። «ፍሽሽ» ይላል። ጎኑ ቀስ እያለ ይገባል። ፀሐይ በወደቀበት በኩል መሬቱን ብናይ የትነቱ ጥላ እንደ ውኃ ሲርገበገብ ይታያል፤ ከአፉ ወጥቶ ወደ ላይ አይሄድም፣ በጀሪካኑ ጎን ተንሸራቶ ወደ ታች ይወርዳል። የቤንዚን ትነት ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ስለሚከብድ ጉድጓድ ፈልጎ ይተኛል። አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ ቁልቁል በኩል የተቀመጠ ሲጋራ አጫሽ የማይፈራው፣ ይህን ስላላየ ነው። ጀሪካን ሲሞላም መሬት ላይ መቀመጥ ያለበት፣ የመቅጃው ጫፍም አፉን ነክቶ መቆየት ያለበት የኤሌክትሪክ ብልጭታ እንዳይፈጠር ነው።

የማራገፊያው ሰዓት በሒሳቡ ይታወቃል። በሊትር 30 የሚሄድ ሞተር 150 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ሰልባትዮው ውስጥ የ5 ሊትር ቦታ ይከፈታል። እዚያ ቆሜ እገለብጣለሁ። ባዶውን ጀሪካን አጥብቄ እከድነዋለሁ፤ ባዶ ነው ተብሎ አይናቅም። በመቶ ውስጥ ከ1.4 እስከ 7.6 ትነት የተቀላቀለበት አየር ይነዳል፤ ሊደርቅ ጥቂት የቀረው ዕቃ ደግሞ በቀላሉ እዚያ ልክ ውስጥ ይገባል። ማታ ፔንሲዮን ሳድር ባዶም ይሁን ሙሉ መኝታ ክፍል አይገባም።

አንዳንዴ ሒሳቡ ልክ ሆኖ ማደያው ይነጥፋል፤ በጀሪካን እንዳይቀዳ የታዘዘበት ጊዜም ብዙ ስለሆነ ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይዞ መሄድ ይበጃል። ሌላ አማራጭ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ የሚሸጠው ይቀራል፤ እሱ ግን ሳይፈተሽ አይገዛም። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አድርጎ መጠበቅ ነው። ንጹህ ቤንዚን ተኖ ይጠፋል፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቅባታም እድፍ ይተዋል። ውኃ ካለበት ፕላስቲኩ ሲቆም ከሥሩ ይዘቅጣል። አንድ ወጣት ሻጭ ጋ ወረቀቴን ሳወጣ «ጋሼ፣ ንጹህ ነው፤ ዛሬ ጠዋት የመጣ» ብሎኝ ነበር። ጠብታዋ ስትደርቅ አብረን ተመለከትን። እድፉን ሲያይ ሳቀና «ቆይ ጋሼ፣ ሌላ ላምጣልህ» ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ወረቀቱን ንጹህ አድርጎ ሄደ።

ትርፉ ተገልብጦ ካለቀ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ሲለምን ምን ይሰጠዋል የሚሉኝ አሉ። ሰልባትዮውም ይቀዳል፤ ወደ ካርቡራተሩ የሚሄደውን ቱቦ ነቅሎ፣ የነዳጁን መክፈቻ ከፍቶ በፕላስቲክ መቀበል የደቂቃ ሥራ ነው። የሚከብደው ስንት እንደሚሰጥ ማወቅ ነው። ጀሪካኑን ለክፉ ቀን የሚቋጥር ሰው በሊትር ስንት እንደሚሄድ ስለማያውቅ፣ ወይ ምንም አይሰጥም፣ ወይ ሁሉንም ሰጥቶ ነገ ራሱ ለማኝ ይሆናል። የመመለሻውን ቆጥሮ የወጣ ሰው ግን ለጎርፍና ለመሳሳት ከያዘው ከሩቡ ስንቱ እንደተረፈው ያውቃል፤ አንድ ሊትር ይቀዳለታል፣ ያም ለሌላው እስከሚቀጥለው ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ነው።