የመቶው ልክ ስንት ነው?

ፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 ለገበያ ያቀረበው ኤፍ-150 ላይትኒንግ የተባለው የኤሌክትሪክ ፒክአፕ መኪና በመጀመሪያ በሁለት ዓይነት ባትሪ ተሸጠ። አንደኛው ለሥራ የሚውል 98፣ ሁለተኛው 131 ኪሎዋት ሰዓት ጉልበት ይይዛል። ሰሌዳቸው ግን የቀረውን ጉልበት ለሾፌሩ የሚነግረው በመቶኛ ነው። «50 በመቶ» ሲል በአንደኛው 49፣ በሁለተኛው 65.5 ኪሎዋት ሰዓት ቀረ ማለት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አነጋገር የሚሰውረውን ነገር መመርመር ነው።

«ጎተራው እስከ እኩሌታው እህል አለበት» የሚል ሰው ዋሸ አይባልም፤ ነገር ግን የጎተራውን ስፋት ካልነገረን እህሉ እስከ መኸር ይበቃ እንደሆነ ልናውቅ አንችልም። የባትሪም ነገር እንዲሁ ነው። ከዚህም በላይ ይህ ጎተራ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበ ይሄዳል፤ በዕድሜ፣ በሙቀትና በአገልግሎት ብዛት የሴሎቹ የመያዝ ችሎታ ይቀንሳልና። 131 ይይዝ የነበረው ባትሪ 118 ብቻ መያዝ ሲጀምርም፣ በሞላ ጊዜ ሰሌዳው «100» ማለቱን አይተውም። መቶኛው የሚቆጠረው ባትሪው ዛሬ ሊይዝ ከሚችለው እንጂ አዲስ ሳለ ይይዝ ከነበረው አይደለም።

በአጠገቡ ያለው የርቀት ቁጥርም ልኬት ሳይሆን ግምት ነው፤ ብርድ ሲበረታ ወይም ተሳቢ ሲጎተት ያንሳል። እንግዲህ ርቀቱ ስላነሰ ብቻ ባትሪው ተበላሸ የሚል ሾፌርና «100» ስላየ ብቻ ባትሪው ደኅና ነው የሚል ገዢ ሁለቱም ተሳስተዋል።

ሾፌር መንገዱን ይመልከት እንጂ ሒሳብ ምን ያደርግለታል የሚሉ አይጠፉም። ለዕለት ጉዞ እውነታቸውን ነው፤ ለውል ግን አይበቃም። የኩባንያው ዋስትና ለ8 ዓመት ወይም ለ100,000 ማይል፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚሞላው ድረስ፣ የባትሪው ችሎታ ከመጀመሪያው ከ70 በመቶ በታች እንዳይወርድ ነው። ይህ 70 እና ሰሌዳው ላይ የሚታየው 70 ስማቸው አንድ ሲሆን ትርጉማቸው ለየቅል ነው።

ልኩን የሚፈልግ ሰው በሒሳብ ሊቀርበው ይችላል። ባትሪው ከ20 ወደ 80 በመቶ ሲሞላ 72 ኪሎዋት ሰዓት ቢገባበት፣ 72ን ለ0.6 ስናካፍል 120 እናገኛለን፤ ይህም ከ131 ወደ 92 በመቶ ገደማ ነው። ሆኖም ከፊሉ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ስለሚጠፋ፣ የግድግዳው ቆጣሪ የሚያሳየው ባትሪው ውስጥ ከገባው ይበልጣል። ስለዚህ ያልተቀነሰለት ሒሳብ ባትሪውን ከእውነቱ አስበልጦ ያሳያል።

ነገሩ የባሕር ማዶ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አገራችን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ፣ ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ ሰው ስንት ኪሎሜትር እንደሄደ ብቻ ሳይሆን ባትሪው ዛሬ ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደሚይዝም ሊጠይቅ ይገባል። ሠሪዎችም ይህን ቁጥር ከመቶኛው አጠገብ ቢጽፉት ተገቢ ነው፤ መስፈሪያው ያልታወቀ ስፍር ሻጭና ገዢን ያጣላልና።