የፈዋሾቹ ቁስል፦ ከአዙሳ ጎዳና እስከ ደብረ ሊባኖስ

በወንጌላት ውስጥ ድውያንን መፈወስና አጋንንትን ማውጣት ብዙ ጊዜ ጎን ለጎን ይነገራሉ፤ ይህም ደዌ ሁሉ የርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ለማለት ሳይሆን፣ ሁለቱም ሰውን ከወገኑ ነጥሎ በሚያስቀር ክፉ ኃይል ላይ የእግዚአብሔር መንግሥት መሠልጠኗን ስለሚገልጡ ነው። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በመቃብር ሥፍራ ይኖር የነበረው ሰው አጋንንት ከወጡለት በኋላ የታዘዘው ወደ ቤቱና ወደ ዘመዶቹ እንዲመለስ ነበር። የፈውስን አገልግሎት የሚመረምር ሰው ግን የተፈወሰውን ብቻ ሳይሆን እግዚአብሔር የሚፈውስበትንም ሰው ሊያይ ይገባል።

በዳውንታውን ሎስ አንጀለስ፣ ዛሬ ሊትል ቶኪዮ በሚባለው ሰፈር፣ በአዙሳ ጎዳና ቁጥር 312 እ.ኤ.አ. በ1906 የተጀመረው መነቃቃት፣ በመንፈስ ቅዱስ ጥምቀት፣ በልሳንና በፈውስ ላይ የሚያተኩረው የጴንጤቆስጤ እንቅስቃሴ በዓለም እንዲሰራጭ ካደረጉት ምንጮች ዋነኛው ነው። መሪው ዊሊያም ሲሞር በሉዊዚያና በባርነት ከኖሩ ወላጆች የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን፣ ጉባኤውም የዘር መለያየት በነገሠበት ዘመን ጥቁሩን፣ ነጩንና ሜክሲኳዊውን በአንድ ወለል ላይ ያንበረከከ ነበር፤ ይህ ራሱ፣ በትክክል ከታየ፣ ከፈውሶቹ ሁሉ የሚተናነስ አይደለም። ሰዎች በጸሎቱ እንደተፈወሱ መሰከሩ፤ የተጸለየባቸው መሐረቦችም ሩቅ ላሉ ሕመምተኞች ይላኩ ነበር። ሲሞር ግን በፈንጣጣ ያጣው አንድ ዓይኑ ሳይመለስለት እ.ኤ.አ. በ1922 አረፈ።

ከዚያ በስተ ምዕራብ፣ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ሊትል ኢትዮጵያ ተብሎ በሚታወቀው የፌርፋክስ ጎዳና የሚገናኙት ኢትዮጵያውያን፣ ኦርቶዶክሱም ሆነ ጴንጤው፣ ተመሳሳይ ምስክርነት ያለው ሥዕል ያውቃሉ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በገድላቸው፣ ማለትም የቅዱሳን ሕይወትና ተጋድሎ በሚተረክበት መጽሐፍ፣ ለዓመታት ቆመው ሲጸልዩ አንድ እግራቸው እንደተሰበረ ይነገራል፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ጥር 24 ቀን ታከብራለች። በገዳማቸው በደብረ ሊባኖስ ጠበል ፈውስ የሚለምነው ምእመን፣ አማላጁ አድርጎ የሚጠራቸው እኒህኑ እግራቸው የተሰበረውን አባት ነው።

በዶግማ እጅግ የተራራቁት እነዚህ ሁለት ትውፊቶች የሚገጥሙት እዚህ ላይ ነው። በክፉ ላይ ሥልጣን መቀበል ከመከራ ነጻ መሆን አይደለም፤ ከሞት የተነሣው ክርስቶስ ራሱ ቁስሉን ለቶማስ አሳይቷል፣ ጳውሎስም የሥጋው መውጊያ እንዲወገድለት ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው ጸጋ እንጂ መወገድ አልነበረም። ስለዚህ ያልተፈወሰን ሰው እምነት የጎደለው ወይም መንፈስ የተጣባው ነው ብሎ የሚኮንን ስብከት፣ ከየትኛውም መድረክ ቢነገር፣ የገዛ አባቶቹን ታሪክ ይክዳል። ጉዳቱም እጅግ ከባድ ነው፤ መድኃኒቱን በእምነት ስም ያቋረጠ ታማሚ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላልና። በኤች.አይ.ቪ የተያዙ ብዙዎች በእንጦጦ ጠበል ይጠመቁ በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ማስተማራቸው ከጥልቅ ሥነ መለኮት የመነጨ ነው፤ የፈጣሪ ኃይል ሐኪምን እንደ ተቀናቃኝ አይፈራም።

ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሱት ቃል የያዕቆብ መልእክት 5፥14 ሲሆን፣ ኦርቶዶክሳውያን ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ የሆነውን ምሥጢረ ቀንዲልን፣ ማለትም ሕመምተኛውን በጸሎት ዘይት የመቀባትን ሥርዓት፣ ጴንጤዎችም የሽማግሌዎችን ጸሎት በእርሱ ላይ ይመሠርታሉ። ጥቅሱ ግን ብዙ ጊዜ ከቁጥር 15 አያልፍም። ቁጥር 16 እርስ በርስ መናዘዝንና አንዱ ለሌላው መጸለይን፣ ትፈወሱ ዘንድ በሚል ዓላማ፣ ያዝዛል፤ በዚህም ዘይቱን የያዘው ካህን ወይም መጋቢ ከታማሚዎቹ ተርታ ይሰለፋል።