በሙዚቃ ቀረጻ ስለ ድምፅ ጩኸትና ስለ ጥራት

የሙዚቃ ቀረጻ ተግባር ሁለት ነው፤ አንደኛው ዜማውን ለዛሬው ሰሚ ማድረስ፣ ሁለተኛው ለሚመጣው ትውልድ ምስክር ሆኖ መቆየት ነው። ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት የተስፋፋው የጩኸት ፉክክር ሁለቱንም ጎድቷል።

ፉክክሩ የተነሣው ከሰው ጆሮ ጠባይ ነው። አንዱ ዜማ በሁለት ልክ ቢሰማ፣ ጥቂት ከፍ ያለው ለብዙ ሰው የተሻለ ይመስለዋል። ነጋዴዎችም ይህን ስለሚያውቁ ሸክላቸው ከሌላው ጎልቶ እንዲሰማ ይጥሩ ነበር። ነገር ግን በሸክላ ላይ ድምፁ በበረታ መጠን መርፌው የሚሄድበት መስመር ሰፊ ቦታ ስለሚወስድ፣ ዕቃው ራሱ ወሰን ያበጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የወጣው ሲዲ 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ይዞ መጣ። የሚያሳዝነው፣ ይህ ሰፊ ቤት ከተገኘ በኋላ ሙዚቃው ከጣሪያው ሥር ብቻ ተጨናንቆ እንዲኖር መደረጉ ነው። ከፍተኛው ድምፅ በመሣሪያ ይጨፈለቃል፤ ከዚያም ሁሉም በአንድነት ወደ ላይ ይነሣል፤ ከጣሪያው ያለፈውም ተቆርጦ ይሻክራል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የሜታሊካ «ዴዝ ማግኔቲክ» ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። የዚሁ ሥራ ዜማዎች «ጊታር ሂሮ» ለተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ሲሰጡ ያን ያህል ስላልተጨፈለቁ፣ ሰሚዎች ሁለቱን ለማነጻጸር ቻሉ፤ በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎችም ቀረጻው እንደ ገና እንዲዘጋጅ በፊርማ ጠየቁ። እንዲህ ያለው ሙዚቃ ኀይል ይሻል የሚል መከላከያ ሊቀርብ ይችላል። ዳሩ ግን ኀይል የሚታወቀው በንጽጽር ነው። የከበሮው ምት የሚያስደነግጠው ከእርሱ በፊት ዝግታ ሲኖር ነውና፣ ሁሉ በጮኸበት ስፍራ የሚጮህ የለም።

ለባሕል ጥናት ነገሩ ከዚህ የከበደ ነው። በበገና 10 አውታሮች ሥር የሚገባው የቆዳ ቍራጭ፣ እንዝራ የሚባለው፣ ለመሣሪያው ልዩ ንዝረቱን ይሰጠዋል። ንዝረቱ ጎልቶ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ይሞታል፤ የደርዳሪውም ድምፅ ለጾምና ለጸሎት እንደሚገባ ዝግ ያለ ነው። ቀረጻው ለገበያ ተብሎ ቢጨፈለቅ፣ እየሞተ ያለው ንዝረት ከቃሉ ጋር እኩል ይጮኻል፤ በቃልና በቃል መካከል ያለው ጸጥታም ይጠፋል። ከመቶ ዓመት በኋላ የሚሰማው ተማሪ በገና ለአደባባይ ጩኸት የተሠራ መሣሪያ ነበር ብሎ ቢጽፍ፣ ስሕተቱ የእርሱ ሳይሆን የምስክሩ ይሆናል።

ፉክክሩን የሚገታ ሥርዐት አልጠፋም። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 የጩኸት መለኪያ አወጣ፤ የአውሮፓ የብሮድካስት ኅብረትም በ2010 በዚሁ መለኪያ ለሥርጭት ልክ ወሰነ። ብዙዎቹ የኢንተርኔት ሙዚቃ አቅራቢዎችም ዛሬ ዜማዎችን በተቀራረበ ልክ ያሰማሉ። ስለዚህ አብዝቶ የሚጮኸው ቀረጻ ዝቅ ይደረጋል፤ ትርፉ ጠፍቶ ጉዳቱ ይቀራል፤ የተጨፈለቀ ድምፅ ዝቅ በማለቱ ብቻ የቀድሞ መልኩን አያገኝምና።

እንግዲህ የገበያው ቅጂ እንደ ገበያው ቢሆንም፣ በቤተ መዛግብት የሚኖረው ያልተነካው የመጀመሪያው ቀረጻ መሆን ይገባዋል። ጸጥታውም የዜማው ክፍል ነው፤ እርሱን የጣለ ቀራጭ ዜማውን ጎዶሎ አድርጎ ያወርሳል።