የምንጭ ዳስ

በማዕድናማ ምንጭ ላይ ትንሽ መጠለያ መሥራት ቀላል መስሎ የሚታይ ከባድ ሥራ ነው። የሌላው ቤት ባለቤት ሰው ነው፤ የምንጭ ቤት ባለቤት ግን ውሃው ነው፤ ሰው እንግዳ ነው። ይህን የዘነጋ አርክቴክት ጣሪያውን ያሳምርና ውሃውን ይጋርዳል።

በቼክ አገር በፍል ውሃዋ የታወቀችው ካርሎቪ ቫሪ ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ናት። ዮሴፍ ዚቴክ የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. ከ1871 እስከ 1881 የተሠራው ባለ አዕማድ መተላለፊያ አምስት ምንጮችን ይዟል። ግዝፈቱ ትዕቢት ይመስላል፤ ነገር ግን ምክንያት አለው። በዚያች ከተማ ሕመምተኛው ኩባያውን ይዞ ወዲያ ወዲህ እያለ ውሃውን በዝግታ ይጠጣል፤ መራመዱም የሕክምናው ክፍል ነው። ርዝመቱ ለእግሩ፣ ጣሪያው ለዝናቡ ነው። አዕማዱን ብቻ አሳንሶ የሚቀዳ ሰው ጌጡን ወስዶ ምክንያቱን ይተዋል።

በአገር ቤት በዐፄ ፋሲል ስም የሚጠራው የጎንደር መዋኛ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ገንዳው የምንጭ ሳይሆን ከቀሓ ወንዝ በቦይ የሚመጣ ውሃ ነው የሚይዘው፤ ቢሆንም በመካከሉ የቆመው ሕንፃ ለውሃው ቦታ መልቀቅን ያውቃል። ለጥምቀት ገንዳው ሲሞላ የስፍራው ጌታ ማን እንደሆነ ይታያል። አዲስ አበባ የዚህ ተቃራኒ ናት። እቴጌ ጣይቱ ከፍልውሃው አጠገብ ቤት በማሠራታቸው በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረች ከተማ ሆና ሳለ፣ ታጣቢው የፍልውሃውን ውሃ የሚያገኘው በክፍል ውስጥ ከቧንቧ ነው።

ለገዳሪፍ ነዋሪ ግን የተሻለው አርአያ ከደጁ አይርቅም፤ ራኩባ ነው። ጥቂት ባላ፣ የሣር ክዳን፣ ክፍት ጎን፤ ከሥሩም ለመንገደኛ በሰቢል የተቀመጡ ዚሮች። በዚህ ሐሩር ጥላ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የኡም ራኩባ ስም ይመሰክራል፤ በ1970ዎቹም ሆነ በ2013 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ የተሰደዱትን ያስጠለለው ስፍራ ስሙ «የራኩባ እናት» ማለት ነው። ክፍት ጎኑም የድህነት ምልክት ብቻ አይደለም። እንደ አምቦ ያለ ጋዛም ውሃ ሲፈልቅ የሚለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፤ በተዘጋና ዝቅ ባለ ቤት ከተጠራቀመ ያፍናል። ነፋስ የሚያልፍበት ዳስ ግን ይጠርገዋል።

ራኩባውም ጉድለት አለበት። ሁሉም ከዚሩ የሚነክረው የጋራ ጣሳ በሽታ ያስተላልፋል፤ በ2016 ዓ.ም. ክረምት ኮሌራ ከሰላንና ገዳሪፍን ባዳረሰ ጊዜ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ጥሩ የምንጭ ዳስ የምንጩን ዓይን በድንጋይ ይከልላል፤ ውሃውንም በአሸንዳ ያወርዳል። ውሃው ሲወርድ ይታያል፣ ይሰማል፤ እጅና ጣሳ ግን ከመፍለቂያው አይደርሱም። የተረፈው በቦይ ወርዶ ለከብቱ ይሆናል። ለሕመምተኛው መቀመጫ፣ ለሁሉም ጥላ ይዘጋጃል። ጌጡ፣ ከዚህ ሁሉ ገንዘብ ከተረፈ፣ በመጨረሻ ይምጣ።