«ከምግብ በፊት»፦ በመድኃኒት ቤት መስኮት ስለሚሰጥ መመሪያ

በመድኃኒት ቤቶቻችን መስኮት ለሕሙማን የሚነገረው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ሐረጎች አያልፍም፤ «ጠዋትና ማታ»፣ «ከምግብ በፊት»፣ «ገባዎት?»። ሕመምተኛው «አዎን» ይላል፤ ባለተራው ይጠራል።

ባለፈው ዐቢይ ጾም በድንገተኛ ክፍል ተረኛ ሳለሁ፣ ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያለፈ የስኳር ሕመምተኛ እናት ራሳቸውን ስተው ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ መጡ። የደም ስኳራቸው እጅግ ወርዶ ነበር። ግሉኮስ በደም ሥር ተሰጥቷቸው ሲነቁ፣ ልጃቸው የመድኃኒቱን ፖስታ አሳየችኝ፤ ግሊቤንክላማይድ፣ «1×2፣ ከምግብ በፊት» ይላል። እኚህ እናት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ክኒኑን ውጠው፣ እንደ ልማዳቸው እስከ 9 ሰዓት ሊጾሙ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል። ከታዘዙት ያጓደሉት ነገር የለም።

ጉድለቱ ያለው ባልተጠየቀው ጥያቄ ላይ ነው። ለዚህ መድኃኒት «ከምግብ በፊት» ማለት ማዕዱ ሊቀርብ ሲል ማለት እንጂ ከስምንት ሰዓት በፊት ማለት አይደለም። ባለሙያው ግን ሕመምተኛዋ መቼ እንደሚመገቡ ሳያውቅ ሰዓቱን በምግብ ለካላቸው። ክርስቲያኑ በዐቢይ ጾም፣ ሙስሊሙ በረመዳን በሚጾምበት አገር ይህ ትርፍ ጥያቄ አይደለም።

ወቀሳው በፋርማሲ ባልደረቦቻችን ላይ ብቻ ማረፍ የለበትም። ግሊቤንክላማይድ ከ60 ዓመት በላይ ለሆኑ ሰዎች እንደማይስማማ የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ያመለክታል፤ ያዘዝነው ግን እኛ ሐኪሞች ነን። ስለ ጾምም አልጠየቅንም።

የመድኃኒት ቤቱን ባለሙያ ሳነጋግረው «ሰልፉን አይተውታል?» አለኝ። አይቼዋለሁ፤ አባባሉ እውነት አለበት። ይሁንና «ገባዎት?» የሚለውም ጊዜ ይወስዳል፤ የሚያስገኘው ግን «አዎን» ብቻ ነው፤ በሰው ፊት «አልገባኝም» ማለት ያሳፍራልና። በምትኩ «ቤትዎ ሲደርሱ እንዴት ይወስዱታል?» ተብሎ መልሱ ቢደመጥ ስሕተቱ እዚያው መስኮቱ ላይ ይገኝ ነበር። ፖስታው ላይም ከ«1×2» ይልቅ ሰዓቱ ራሱ ሊጻፍ ይችላል።

እናት በማግስቱ ሲወጡ መድኃኒታቸው በሜትፎርሚን ተተክቶ ነበር። «እማማ፣ እንዴት ይወስዱታል?» ስላቸው፣ «አንዱን ከቅዳሴ ተመልሼ እንጀራው ሲቀርብ፣ ሌላውን ማታ ከራት ጋር» አሉኝ።