እርጥብ ዱካ ጫማ አይመርጥም

«እግርዎን ውሃ ያስነኩ፣ ካርቶን ላይ ይርገጡ፣ ከዚያ ዱካውን ይመልከቱ።» የሩጫ ጫማ ለመግዛት ምክር የጠየቀ ሰው ይህን ሳይሰማ አይቀርም። ዱካው ሙሉ ከሆነ እግርዎ ጠፍጣፋ ነው፤ «ሞሽን ኮንትሮል» የሚባለውን ጠንካራ ጫማ ይግዙ ይባላሉ። መሃሉ በመጠኑ ከጎደለ «ስታቢሊቲ» ይታዘዝልዎታል። ተረከዝዎና የእግርዎ ፊት ብቻ ከታየ ደግሞ እግርዎ ከፍ ያለ ቅስት አለው፤ ለስላሳውን «ኒውትራል» ይውሰዱ። ሦስት ዓይነት እግር፣ ሦስት ዓይነት ጫማ፣ በቃ።

ምክሩ ለማስታወስ ቀላል ነው፤ ሳይንሳዊም ይመስላል። ችግሩ ግን በተግባር ሲፈተን አለመሥራቱ ነው። ይህን የምናነሳው ለክርክር ያህል አይደለም። ምክሩን አምኖ ገንዘቡን የሚያወጣ፣ የለመደውን ጫማ የሚጥል፣ አልፎም «እግሬ ለሩጫ አልተፈጠረም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው ስላለ ነው።

ኮተቤን ያስቡ። ከየካና ከእንጦጦ ተራሮች ግርጌ ያለው ይህ ሰፈር ከየክፍለ ሀገሩ ሯጭ ለመሆን የመጡ ወጣቶች ቤት ተከራይተው የሚኖሩበት ነው። አንትሮፖሎጂስቱና የማራቶን ሯጩ ማይክል ክሮሊ እዚያው ኖሮ፣ አብሯቸው ተለማምዶ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ስለ ሕይወታቸው መጽሐፍ አሳትሟል። ለእንዲህ ዓይነቱ ወጣት አንድ ጥንድ ኦሪጂናል ጫማ ትልቅ ወጪ ነው። ብዙዎች የሚሮጡት ከቦንዳ በተመረጠ፣ ወይም ከውጭ ውድድር የተመለሰ ሰው በሰጣቸው ወይም በሸጠላቸው ጫማ ነው። የእግር ዓይነት ሠንጠረዡ ለእሱ የሚነግረው «ያለህ ጫማ ላንተ አይሆንም» ብሎ ነው። ይህን ለማለት ጠንካራ ማስረጃ ያስፈልጋል። አለ ወይ?

ሐሳቡ ከየት መጣ?

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ የጎዳና ሩጫ የብዙኃን ልማድ ሲሆን ጉዳትም አብሮ መጣ። ጉልበት፣ ቅልጥም፣ የአኪሌስ ጅማት። ሐኪሞችና የጫማ ኩባንያዎች ዓይናቸውን የጣሉት «ፕሮኔሽን» በሚባለው እንቅስቃሴ ላይ ነበር። እግር መሬት ከነካ በኋላ በትንሹ ወደ ውስጥ ይዘነበላል፤ ቅስቱም ዝቅ ይላል። እግር ሲዘነበል ቅልጥም አብሮ ይዞራል፣ ቅልጥም ሲዞር ጉልበት ይጫናል፤ ስለዚህ በጫማው ውስጠኛ ጎን ጠጠር ያለ ፎም አስገብተን መዘንበሉን እናስቁመው ተባለ።

አመክንዮው የሚያሳምን ይመስላል። ነገር ግን ሁለት ደካማ ቦታዎች አሉት። አንደኛ፣ ፕሮኔሽን ራሱ በሽታ አይደለም። እግር ያረፈበትን ጫና የሚያለዝብበት መንገድ ነው። ስንሮጥ እያንዳንዱ እርምጃ ከሰውነታችን ክብደት ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ የሚደርስ ኃይል ያመጣል፤ በአንድ ሰዓት ሩጫ ውስጥ ደግሞ 10,000 ያህል እርምጃ አለ። ምንም የማይዘነበል እግር ይህን ሁሉ እንደ እንጨት ነበር የሚቀበለው። ሁለተኛ፣ ካርቶን ላይ የቆመ እግርና ዳገት የሚወጣ እግር አንድ አይደሉም። እርጥብ ዱካ የቆመ ሰው ፎቶ ነው እንጂ የሩጫ ቪዲዮ አይደለም።

ሲፈተን ምን ተገኘ?

ትልቁ ፈተና የተካሄደው በአሜሪካ ጦር ሠራዊት፣ በአየር ኃይልና በማሪን ኮርፕስ ምልምሎች ላይ ነው። ምልምሎቹ በሁለት ተከፈሉ። የአንደኛው ቡድን አባላት የእግር ቅርጻቸው እየታየ በሠንጠረዡ መሠረት ጫማ ተሰጣቸው። የሁለተኛው ቡድን አባላት እግራቸው ጠፍጣፋም ይሁን ቅስት፣ ሁሉም አንድ ዓይነት «ስታቢሊቲ» ጫማ ተሰጣቸው። ሠንጠረዡ ትክክል ቢሆን ሁለተኛው ቡድን ውስጥ የተሳሳተ ጫማ ያደረጉት ምልምሎች ቡድኑን ለጉዳት ሊያጋልጡት ይገባ ነበር። አላጋለጡትም። የሦስቱ ጥናቶች ውጤት እ.ኤ.አ. በ2014 ተደምሮ ሲታይ፣ ከ7,000 በላይ ሰዎች ውስጥ በሁለቱ ቡድኖች ጉዳት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም።

ያው ዓመት ዴንማርክ ውስጥ 927 ጀማሪ ሯጮች እግራቸው ከተለካ በኋላ ሁሉም አንድ ዓይነት ኒውትራል ጫማ አድርገው ለአንድ ዓመት ተከታተሏቸው። በሠንጠረዡ መሠረት ወደ ውስጥ የሚዘነበል እግር ያላቸው ቀድመው መውደቅ ነበረባቸው። ሆኖም ከሌሎቹ የበለጠ አልተጎዱም፤ እንዲያውም በ1,000 ኪሎ ሜትር ሲሰላ የእነሱ ጉዳት «መደበኛ» ከተባሉት እግሮች ያነሰ ነበር።

እሺ፣ ተቃራኒ ማስረጃ የለም ወይ? አለ፤ መደበቅም አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የሉክሰምበርግ ጥናት 372 ሯጮችን በዕጣ ከፍሎ፣ መልኩ ተመሳሳይ የሆነ ጫማ ሰጣቸው፤ የግማሾቹ መዘንበልን የሚገታ ነበር፣ የሌሎቹ ግን አልነበረም። ሯጮቹ የትኛውን እንዳደረጉ አያውቁም። ከስድስት ወር በኋላ መዘንበልን የሚገታውን ያደረጉት ያነሰ ጉዳት ደረሰባቸው፤ ልዩነቱም የታየው በተለይ እግራቸው ወደ ውስጥ በሚዘነበል ሯጮች ላይ ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ 81 ሴት ሯጮችን የያዘ ጥናት ይኸው ዓይነት ጫማ ሕመም እንደሚጨምር የሚያመለክት ውጤት ነበረው።

እንዲህ ሲለያዩ ማስረጃውን በሙሉ ደምሮ የሚያይ ያስፈልጋል። የኮክሬን ግምገማ እ.ኤ.አ. በ2022 ያደረገው ይህንኑ ነው፦ 12 ሙከራዎች፣ 11,240 ተሳታፊዎች። ድምዳሜው በእግር ዓይነት ጫማ ማዘዝ የጉዳትን ቁጥር የሚቀይረው አይመስልም የሚል ነው። ስለዚህ «ጠንካራው ጫማ ማንንም አይረዳም» ማለት ይበዛል፤ አንዳንዱን ሊረዳ ይችላል። «ካርቶን ላይ ያለው ዱካ ያንን ሰው ለይቶ ያወጣል» የሚለው ግን ማስረጃ አልቆመለትም።

«አረጋገጤን በቪዲዮ ቢያዩልኝስ?»

ይህ ከካርቶኑ የተሻለ ነው፤ ቢያንስ እየሮጡ ነው የሚታዩት። ግን እዚህም የሚሰጠው ፍርድ ብዙ ጊዜ ከማስረጃው ይቀድማል። «በተረከዝ ማረፍ ስህተት ነው፣ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ሰው በፊት እግሩ ነው የሚያርፈው» ሲባል ይሰማሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 በሰሜን ኬንያ ባሉ፣ ጫማ ማድረግ ባልለመዱ ዳሰነች አዋቂዎች ላይ የተደረገ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ። ዳሰነቾች በእኛው ደቡብ ኦሞም የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። በረጅም ርቀት ፍጥነት ሲሮጡ አብዛኞቹ በተረከዛቸው ነው ያረፉት፤ ፍጥነት ሲጨምሩ ግን አስተራረፋቸው ተቀየረ። አንድ «ተፈጥሯዊ» አረጋገጥ የለም ማለት ነው።

አረጋገጥን መቀየር ጫናውን አያጠፋውም፤ ቦታውን ነው የሚቀይረው። ከተረከዝ ወደ ፊት እግር ሲዛወሩ ጉልበት ይቀለዋል፤ ባትና የአኪሌስ ጅማት ይከፍላሉ። ጉልበቱን የሚያመው ሰው በባለሙያ እየታገዘ ቢሞክረው ትርጉም አለው። ሕመም የሌለበት ሰው ግን ቪዲዮ ስላዩለት ብቻ ምን ሊያተርፍ ይቀይራል?

ከኮተቤ ምን እንማራለን?

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንዱ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለም እንዴ፣ ጫማ ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። አዎ፣ አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ 2:15:16 ሮጦ አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ 2:12:11 በሆነ ሰዓት ደገመው። ያው እግር ነው፤ አንዴ ያለ ጫማ፣ አንዴ በጫማ። ከዚህ ስለ ጫማ ሕግ ማውጣት አይቻልም።

ሌላው ወጥመድ በዘመኑ ውድ ጫማ መታወር ነው። ትዕግስት አሰፋ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በርሊን ላይ 2:11:53 ገብታ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ብቻ ይመዝን ነበር፤ ዋጋው 500 ዶላር ነበር። ኩባንያው ራሱ ጫማው ለአንድ ማራቶንና ለመለማመጃ ያህል እንደተሠራ ተናግሯል። ልብ ይበሉ፦ ይህ ጫማ ለጠፍጣፋ፣ ለመካከለኛና ለቅስት እግር ተብሎ በሦስት ተከፍሎ አልቀረበም። የተሠራው ለአንድ ዓላማ ነው፤ ለአስፋልት ውድድር። የእንጦጦ ድንጋይ ላይ ቢያደርጉት ገንዘብዎን ነው የሚያፈርሱት።

ከኮተቤ ሯጮች ልማድ የሚወሰደው ትምህርት ከሁለቱም የተለየ ነው። ልምምዳቸው በሚሮጡበት መሬት ይከፈላል። አንድ ቀን ባህር ዛፉ መሃል በእንጦጦ ጫካ፣ ሌላ ቀን ኮረኮንች፣ ሌላ ቀን አስፋልት። አስፋልት ሰውነት እንደሚያደክም ስለሚያምኑ በቁጠባ ነው የሚሮጡበት። ጫካ ውስጥ ደግሞ በሰልፍ፣ ወዲያና ወዲህ እየተጠማዘዙ ስለሚሄዱ ሁለት እርምጃ አንድ ዓይነት አይሆንም።

ይህ ልማድ ጉዳትን እንደሚቀንስ በሙከራ የተረጋገጠ ነው አንልም። ግን ከሚታወቀው ጋር ይገጥማል። የሩጫ ጉዳት በአብዛኛው የሚመጣው ያው ጫና ያው ቦታ ላይ ሲደጋገምና ሰውነት ለማገገም ጊዜ ሲያጣ ነው። አንድ ጥናት 264 ሯጮችን ለ22 ሳምንት ተከታትሎ፣ ከአንድ በላይ ጫማ እያፈራረቁ የሚሮጡት የመጎዳት ዕድላቸው በ39 በመቶ ያነሰ ሆኖ አግኝቶታል። ጥናቱ በዕጣ የተከፈለ ስላልነበር ምክንያቱ ጫማው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ አቅጣጫው ግን ያው ነው። ሁለተኛ ጫማ ለመግዛት አቅም ባይኖርዎ መሬቱን ማፈራረቅ በነፃ ነው።

ታዲያ ምን ይምረጡ?

ከየትኛው የእግር ዓይነት እንደሆኑ ከመጠየቅዎ በፊት እነዚህን ይጠይቁ።

የሚሮጡት የት ነው? ክረምት ላይ በጭቃና በጫካ ከሆነ የሚቆነጥጥ ሶል፤ ኮረኮንች ከሆነ ድንጋይ የማያሳልፍና እግር የማያዞር፣ በጣም ያልወፈረ ሶል፤ አስፋልት ከሆነ ለስለስ ያለና ቀላል። በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር ለሩጫ የሚያወጡት ጉልበት 1 በመቶ ያህል ይጨምራል። ክብደት ለውጤት ለሚሮጥ ሰው ዋጋ አለው፤ ለጤና ለሚሮጥ ግን ያን ያህል አያሳስብም።

ልኩ ትክክል ነው? አመሻሽ ላይ፣ እግር ትንሽ አበጥ ሲል፣ በሚሮጡበት ካልሲ ይለኩ። ከረጅሙ ጣትዎ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይቅር። ከእንጦጦ ሲወርዱ እግር ወደፊት ይንሸራተታል፤ ጠባብ ጫማ የጣት ጥፍር የሚያጠቁረው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ይሞክሩት፤ ቁልቁለት ከሌለ ጫፉን በመሬት መታ መታ ያድርጉ።

ይመችዎታል? የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲው ቤኖ ኒግና ባልደረቦቹ ሰው የሚመቸውን ጫማ ሲመርጥ ሰውነቱ የሚስማማውን እንቅስቃሴ እየመረጠ ነው ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ጥናታቸው ውስጥ 206 ወታደሮች ነበሩ፤ የሚመቻቸውን የውስጥ ሶል ራሳቸው የመረጡት ካልመረጡት ያነሰ ጉዳት ደረሰባቸው፤ ምርጫቸውም ከሰው ሰው ይለያይ ነበር። ሐሳቡ ገና ብዙ መፈተን አለበት፤ ቢሆንም ከካርቶኑ የተሻለ መነሻ ነው። ሱቅ ውስጥ ቆመው ሳይሆን ሁለት ሦስት ደቂቃ ሮጠው ይፍረዱ። የሚቆረቁር ነገር «ሲላመድ ይስተካከላል» ቢሉዎት አይመኑ።

ያገለገለ ጫማ ከሆነ፣ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይዩት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የቀድሞው ባለቤት እግር ቅርጽ ይዟል፤ ይተውት። ፎሙን በጣትዎ ይጫኑት፤ እንደ ደረቅ ጎማ ከሆነ አርጅቷል። የተረከዙ የውጭ ጠርዝ ትንሽ መበላቱ ግን አያስደንግጥዎ፤ የብዙ ሰው ጫማ የሚበላው እንዲያ ነው።

አዲስ ጫማ ሲጀምሩ ከአሮጌው ጋር እያፈራረቁ ይልመዱት። አሁን ያለዎት ጫማ ካልጎዳዎ ደግሞ ዱካዎ ምንም ይምሰል ምን አይቀይሩት።

ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። እግርዎ ጠፍጣፋ ብቻ ሳይሆን ደረቅና የሚያምም ከሆነ፣ ካደጉ በኋላ የአንዱ እግርዎ ቅስት ከወደቀ፣ ወይም አጥንት ላይ አንድ ነጥብ ሲነኩት የሚያምምና ማረፍ የማያስታግሰው ከሆነ ይታዩ። የስኳር ሕመም ኖሮብዎት እግርዎ የመሰማት ችሎታው ከቀነሰ «ይመቸኛል» የሚለው ፍርድ አይሠራም፤ ከባለሙያ ጋር ይምረጡ።

እግርዎ ጠፍጣፋ ስለሆነ ብቻ መሮጥ እንደሌለብዎ ነግሮዎት የነበረ ሰው ካለ፣ ያን የሚያህል ማስረጃ በእጁ የለም። ለሠንጠረዡ ጫማ ሊያወጡት የነበረውን ገንዘብ ያቆዩት፤ የሚመችዎት ጫማ ሲያልቅ ያን ጊዜ ይፈልጉታል።