ድፎ ዳቦ

እንጀራ ይጋገራል፤ ድፎ ዳቦ ግን ይደፋል። ማታ በእርሾ የተቦካው የስንዴ ሊጥ፣ ጥቁር አዝሙድ ጣል ተደርጎበት ኩፍ ሲል፣ ኮባ በተነጠፈበት ምጣድ ላይ ይደፋል። ከላይም ኮባ ይለብሳል፤ ከሥር እሳት፣ ከአናቱ ፍም ይደረግለታል። ትዕግሥት ይፈልጋል፤ እሳቱ ከበዛ ቅርፊቱ አሮ ውስጡ ሊጥ ይቀራል። የኮባው ሽታ ከአዝሙዱ ጋር ጓሮውን ሲያውደው ልጆች ከምጣዱ አጠገብ አይርቁም።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምወደው አቆራረሱን ነው። በቤቱ ያለ ትልቅ ሰው ተነሥቶ ይመርቃል፤ ሁላችንም «አሜን» እንላለን፤ ከዚያ ቢላዋው ያርፍበታል። የመጀመሪያው ቁራሽ ሲታደል ቡናው ይቀዳል፤ ለጎረቤትም ድርሻው በሰፌድ ይላካል። እንዲህ የተቆረሰ ዳቦ በማግስቱ ቢደርቅ እንኳ፣ ከሻይ ጋር እንደ አዲስ ይጣፍጣል።